በግድግዳው ማዶ ሰርግ፣ በወዲህ ሕመምተኛ

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። በደብረ ማርቆስ ከተማ በማስተማር ሥራ የምተዳደር ሴት ነኝ። ባለፈው ጥር ከጥምቀት በኋላ እናቴን ለዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ይዣት መጥቼ ነበር። የአክስቴ ልጅ እዚያው ከተማ የሚኖር ቢሆንም፣ እናቴ «በሰው ቤት ሕመምተኛ ሆኜ አልከብድም» ብላ አሻፈረኝ ስላለች፣ ከሕክምናው ቦታ ብዙ በማይርቅ መካከለኛ ሆቴል ባለ ሁለት አልጋ ክፍል ይዤ ኪራዩን አስቀድሜ ከፈልኩ።

ሕክምናው በሰላም ተጠናቀቀ። ዓይኗ ተሸፍኖ ወደ ሆቴሉ በተመለስንበት ዕለት ማምሻውን ግን የፎቃችንን አብዛኞቹን ክፍሎች ሰርገኞች ያዟቸው። ሙሽራው ዘመዶቹን ከየአገሩ አስመጥቶ ኖሮ፣ ከእኛ ጋር በግድግዳ የሚዋሰነው ክፍል የሁሉም መሰብሰቢያ ሆነ። ሙዚቃው፣ ጭብጨባውና ሳቁ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ዘለቀ። በመጨረሻ ጸጥ አለ ብለን ዓይናችንን ስንከድን ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ስንብት ተጀመረ፤ አንዱ ሌላውን «ደኅና እደሩ» ለማለት ብቻ ግማሽ ሰዓት የፈጀባቸው መሰለኝ።

ሪሴፕሽን ደውዬ ስናገር ወጣቷ ተረኛ «ሰርገኞች ናቸው እኮ እትዬ፣ ምን ብለን እንከልክላቸው? ለዛሬ ብቻ ይታገሡ» አለችኝ። በማግስቱ ግን መልስ ነበርና ከፊተኛው ሌሊት የባሰ ሆነ። ግድግዳውን በመዳፌ ብመታው ከወዲያ በኩል አንዱ የዘፈኑን ምት እየጠበቀ መልሶ መታልኝ። ነጠላዬን ተከናንቤ ወጥቼ በራቸውን አንኳኳሁ። የከፈቱልኝ አንዲት ትልቅ እናት ነበሩ። ፊቴን እንዳዩ አቅፈው ሳሙኝና «ግቢ ልጄ» ብለው ድፎ ዳቦ የተቆረሰበት ሳህን እጄ ላይ አኖሩ። እኔም የመጣሁበትን ጉዳይ ዋጥ አድርጌ «እንኳን ደስ አላችሁ» ብዬ ዳቦውን ይዤ ተመለስኩ። እናቴ በደኅናው ዓይኗ አይታኝ ሳቀች፤ «ተያቸው ልጄ፣ የሰው ደስታ አይረገምም» አለች። እኔ ግን በንዴት አለቀስኩ። ሊነጋጋ ሲል እንቅልፍ ጥሎኝ ጠብታዋን የማደርግላትን አንዱን ሰዓት አሳለፍኩት፤ እስካሁን ጸጸቱ አልለቀቀኝም።

አሁን በየካቲት መጨረሻ ሁለተኛው ዓይኗ ሊሠራ ተቀጥረናል። እናቴ ክፍሉን ታጸዳ የነበረችውን ልጅ ስለወደደቻት ወደዚያው ሆቴል እንድንመለስ ትፈልጋለች። ወንድሜ ደግሞ «እንኳን ልትመለሺ ገንዘብሽን ማስመለስ ነበረብሽ» እያለ ይቆጣኛል። በሰው ሰርግ መናደዴ ክፉ ሰው ያሰኘኛል? እንደገና ቢገጥመኝስ ምን ማድረግ ይገባኛል?

ዳቦውን ይዤ የተመለስኩት፣ ከደብረ ማርቆስ

*

ውድ እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እናትዎን እንኳን ማረልዎ። ደብዳቤዎን ሳነብ ብዙ ያቆየኝ ስለ ጩኸቱ የጻፉት አይደለም፤ ሳህኑን ይዘው የተመለሱበት ቅጽበት ነው። እርስዎ እንደ ሽንፈት ስለቆጠሩት በዚያው ልጀምር። በእኛ ዘንድ አቅፎ የሳመና ዳቦ የቆረሰ ሰው ፊት ክስ ማንሳት ይከብዳል፤ አብዛኞቻችንም በእርስዎ ቦታ ብንሆን ያንኑ ከማድረግ አንመለስም ነበር። ይሁን እንጂ አንድ ነገር እንዲያስቡልኝ እፈልጋለሁ፤ ያንን በር የከፈቱት ትልቅ እናት የሰሙት «እንኳን ደስ አላችሁ» የሚለውን ብቻ ነው። «እናቴ ትናንት ዓይኗን ተሠርታ እዚህ ግድግዳ ሥር ተኝታለች» የሚል ቃል ሰምተው ቢሆን ኖሮ ምን ያደርጉ ነበር ይመስልዎታል? እኔ እንደምገምተው በመጀመሪያ ራሳቸው ይደነግጣሉ፣ ቀጥለው ወጣቶቹን ይገሥጻሉ፣ በማግስቱም ጠዋት እናትዎን ሊጠይቁ ብርቱካን ይዘው ይመጣሉ። በአገራችን ሰርግ የቱንም ያህል የከበረ ቢሆን፣ ጎረቤት ሕመምተኛ ወይም ሐዘንተኛ አለ ሲባል ከበሮ ዝቅ ይላል። እነዚያ ሰዎች በሁለቱም ሌሊት ያልነበራቸው ነገር ርኅራኄ ሳይሆን ወሬው ነው፤ ከግድግዳው ማዶ ማን እንዳለ የነገራቸው አንድም ሰው አልነበረም።

ስለዚህ «ክፉ ሰው ያሰኘኛል?» ላሉት ጥያቄ መልሴ አያሰኝዎትም ነው። የተናደዱት በሙሽሮቹ ደስታ ሳይሆን የታመመች እናትዎን ዕረፍት ለማስጠበቅ አቅም በማጣትዎ ነው፤ ሁለቱ ስሜቶች ሌሊት ላይ እንቅልፍ ላጣ ሰው ተመሳስለው ይታያሉ። ሰውነትዎ የተረበሸውም ያለ ምክንያት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለመኝታ ክፍል የሚመክረው የማያቋርጥ ድምፅ ከ30 ዴሲቤል (የድምፅ ብርታት መለኪያ) እንዳያልፍ ነው፤ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው የሚያወሩት ተራ ወሬ እንኳ ወደ 60 ይጠጋል። በአገራችን የአካባቢ ድምፅ ደረጃም ለመኖሪያ ሰፈር የሌሊቱ ወሰን 45፣ ለንግድ አካባቢ ደግሞ 55 ዴሲቤል ነው። አንድ ክፍል ሙሉ ሰው እያጨበጨበ ሲዘፍን ይህን ሁሉ እንደሚያልፍ ለማወቅ መለኪያ መሣሪያ አያሻም። ይህን የጻፍኩት ቁጥር ይዘው እንዲከራከሩ ብዬ ሳይሆን፣ ከልክ በላይ ስሜተኛ እንደሆኑ ለራስዎ እንዳይነግሩት ብዬ ነው።

ወደ እናትዎ ቃል ልመለስ። «የሰው ደስታ አይረገምም» ያሉት ከልባቸው እንደሆነ አልጠራጠርም። ነገር ግን እኚሁ እናት ናቸው «በሰው ቤት ሕመምተኛ ሆኜ አልከብድም» ያሉት። እኒህ ሁለት አባባሎች አንድ ዓይነት ሰው ያሳዩኛል፤ በማንም ላይ ሸክም ላለመሆን የራሳቸውን ፍላጎት ወደ ኋላ የሚያስቀሩ እናት። እስቲ በአንድ ጸጥ ባለ ከሰዓት በኋላ፣ ቡና አፍልተው፣ ስለ ሆቴሉ ሳይሆን ስለዚያ ሌሊት ይጠይቋቸው፦ አመማቸው ነበር? ፈርተው ነበር? የጩኸቱ ብዛት ነው ወይስ የእርስዎ መናደድ ይበልጥ ያስጨነቃቸው? ምናልባት እውነትም ዘፈኑን ወድደውት ይሆናል፤ ዓይናቸው ተሸፍኖ ብቻቸውን ከመተከዝ የሰርግ ድምፅ መስማት የቀለላቸው እናቶች አሉ። ምናልባት ደግሞ ያሳቃቸው ነገሩ ሳይሆን እርስዎን ለማጽናናት የነበራቸው ፍላጎት ይሆናል። መልሳቸውን ሳያውቁ ስለ እርሳቸው ሆነው መቆጣትም ሆነ ስለ እርሳቸው ሆነው ዝም ማለት፣ ሁለቱም የእርስዎን እንጂ የእርሳቸውን ሐሳብ አይገልጹም።

አሁን የጉዳዩ ዋነኛ ተጠያቂ ወደምለው ልለፍ፤ እርሱም ሆቴሉ ነው። በደብዳቤዎ ውስጥ ሰርገኞቹ ብዙ ቦታ ይዘዋል፣ ሆቴሉ ግን በአንዲት ወጣት ተረኛ አፍ አንድ ዐረፍተ ነገር ተናግሮ አልፏል። ነገሩን ከሥሩ ካየነው ግን፣ ያንን ፎቅ ለሰርገኞች ሲያከራይ እዚያው ፎቅ ላይ ዓይናቸው የተሸፈነ አሮጊት እናት እንዳሉ ሊያውቅ የሚችል ብቸኛው ወገን ሆቴሉ ነበር፤ ከሁለታችሁም ገንዘብ የተቀበለው እርሱ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በሆቴል ባለቤትና በእንግዳ መካከል ያለውን ግንኙነት ራሱን የቻለ ውል አድርጎ ቦታ ሰጥቶታል። ስለዚህ ሌሊት ስልክ አንሥተው ሲናገሩ ውለታ የሚለምኑ ሰው አይደሉም፣ የከፈሉበትን ዕረፍት የሚጠይቁ ደንበኛ ናቸው። ይህን በልብዎ መያዝ ድምፅዎን ከፍ እንዲያደርጉ ሳይሆን፣ እንዲያውም ዝቅ አድርገው በእርጋታ እንዲናገሩ ይረዳዎታል፤ ጩኸት ብዙ ጊዜ የሚመጣው መብት እንዳለን እርግጠኛ ሳንሆን ስንቀር ነውና።

ለተረኛዋ ልጅ ግን ትንሽ አዘኔታ ይኑረን። የሌሊት ተረኞች በአብዛኛው በዕድሜም በሥልጣንም ትንንሾቹ ሠራተኞች ናቸው፤ ጠዋት ሒሳብ የሚከፍለውን የሰርጉን አስተባባሪ ማስቀየም ከሥራ የሚያባርራቸው ይመስላቸዋል። «ዝም አስብዪልኝ» የሚለው ጥያቄ ከአቅሟ በላይ ነው። ከአቅሟ ጋር የሚመጣጠን ነገር ሲጠየቁ ግን ብዙዎቹ ይተባበራሉ። ለምሳሌ፦ «ዛሬ ተረኛው ኃላፊ ማን ነው? እባክሽ አገናኚኝ። እናቴ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ተኝታለች፤ ቁጥሩ ይህ በሆነ ክፍል ውስጥ ሙዚቃ አለ፤ ወይ ድምፁ ይቀነስልን ወይ ወደ ሌላ ፎቅ አዛውሩን» ማለት ይችላሉ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ለውጥ ካላዩ እንደገና ይደውሉ፤ ስሟንም የደወሉበትንም ሰዓት በማስታወሻዎ ይጻፉ። እንደሚጽፉ ስትሰማ ጉዳዩ ለኃላፊው ይደርሳል።

ከዚህም የተሻለ አንድ ሐሳብ አለኝ፤ በብዙ ሆቴሎች ማንም ሳያስበው ይቀራል። ሰርገኞቹ በጠባብ ክፍል ውስጥ የሚታጨቁት ሌላ መሰብሰቢያ ስለሌላቸው ነው። ትልልቆቹ ባር ውስጥ መቀመጥ አይወዱም፣ ለዓመታት ሳይተያዩ የቆዩ ዘመዳሞች ደግሞ ሳይጫወቱ አይተኙም፤ ስለዚህ ሰፋ ያለ አልጋ ያለው ክፍል ሳሎን ይሆናል። የቁርስ አዳራሹ ግን ከራት በኋላ ባዶውን ያድራል። «አዳራሹን ክፈቱላቸውና እዚያ ይጫወቱ» ብሎ ለኃላፊው ሐሳብ ማቅረብ ማንንም አያስቀይምም፤ ሆቴሉ ተጨማሪ ቡናና ለስላሳ ይሸጣል፣ ሰርገኞቹም ደስታቸውን የሚያቀዘቅዝባቸው ሰው መጣ ከማለት ይልቅ ቦታ የሚሰጣቸው ሰው አገኙ።

እርስዎ ራስዎ ሄደው ማንኳኳትዎ ትክክል ነበር ወይ ለሚለው፣ ሰዓቱና ከበሩ ኋላ ያለው ሰው ማንነት ይወስነዋል ባይ ነኝ። መልካም ሆኖ አንዲት እናት ከፈቱልዎ። በሌሊቱ 8 ሰዓት መጠጥ የቀማመሱ የማይታወቁ ወንዶች ሊሆኑም ይችሉ ነበር፤ ሴት ልጅ ብቻዋን በዚያ ሰዓት የእንግዳ በር እንድታንኳኳ በፍጹም አልመክርም። ያን ጊዜ የሚኬደው ከሆቴሉ ሠራተኛ ጋር ነው፣ ሠራተኛ ካልመጣም ከክፍል ባይወጡ ይሻላል። ማንኳኳት የሚያምረው ገና ሳይመሽ ነው። ሰርገኞች ሻንጣቸውን እየጎተቱ ሲገቡ ካዩ፣ ከመካከላቸው ጠና ያሉትን፣ ሌላው ሁሉ «ጋሼ» ወይም «እማማ» እያለ የሚታዘዛቸውን ሰው ፈልገው ኮሪደር ላይ ሰላምታ ይስጡ፦ «እንኳን ደስ አላችሁ፣ የአብርሃም የሣራ ጋብቻ ያድርግላቸው። እናቴ ዛሬ ዓይኗን ተሠርታ እዚህ በጎናችሁ ያለው ክፍል ውስጥ ናት። እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት እንደ ፈቀዳችሁ ተጫወቱ፤ ከዚያ በኋላ ግን በዚህ በኩል ያለውን ክፍል ጸጥ ብታደርጉልን ውለታችሁ አይረሳም።» በዚህ አነጋገር ውስጥ ምርቃት አለ፣ ምክንያት አለ፣ የታወቀ ሰዓት አለ፣ የሚጠየቀውም አንድ ክፍል ብቻ ነው። «እባካችሁ አትጩኹ» የሚለው ልመና የማይሠራው ማንም ሰው በሰርጉ ላይ እየጮኸ እንደሆነ ስለማይሰማው ነው።

ግድግዳ መምታትን በተመለከተ ብዙ አልልም። መልእክቱ ከወዲያ ሲደርስ ከበሮ ይሆናል፤ ይህን እርስዎም አይተውታል። የጥበቃ ሠራተኛ ዱላውን ይዞ እንዲሄድ ማድረግም በመጀመሪያ የሚሞከር ነገር አይደለም፣ ሰውን ያዋርዳል፣ የተዋረደ ሰው ደግሞ ድምፁን ይጨምራል። ስድብ፣ ዛቻ ወይም ድብድብ የተነሣ እንደሆነ ግን ሆቴሉ ፖሊስ እንዲጠራ መጠየቅ ተገቢ ነው።

እንግዲህ ወደ የካቲቱ ጉዞ እንምጣ። በአንድ በኩል ጊዜው ራሱ ያግዝዎታል፤ ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ የኦርቶዶክስ ሰርግ ስለማይኖር ጥር ላይ ያዩት ግርግር ይበርዳል። ይህ ማለት ግን ሆቴሉ ገዳም ይሆናል ማለት አይደለም፤ የሌሎች እምነት ተከታዮች ሰርግ፣ የድርጅቶች ስብሰባና ሥልጠና፣ በእሑድ ምሽት ደግሞ ባር ውስጥ የሚታየው የአውሮፓ እግር ኳስ አለ። ከሰርግ ይልቅ የሚያስቸግረኝ በበኩሌ ሠልጣኞች በኅብረት ሲያርፉ ነው፤ ሰርገኛ ቢያንስ ከሁለት ቀን በኋላ ይሄዳል።

ወንድምዎ ወደሌላ ሆቴል ሂዱ ማለታቸውም፣ እናትዎ ወደዚያው እንመለስ ማለታቸውም ምክንያት አለው። እኔ ወደ እናትዎ አደላለሁ። ዓይኑ የተሸፈነ ሰው የመታጠቢያ ቤቱ በር የት እንዳለ፣ ደረጃው ስንት እንደሆነ፣ ጠዋት አንኳኩታ የምትገባው ልጅ ድምጿ ምን እንደሚመስል ማወቁ ትልቅ ዕረፍት ነው። ነገር ግን መመለስዎ ሁኔታ የተያያዘበት ይሁን። ከጉዞው ሳምንት ያህል ቀደም ብለው፣ በቀን፣ ማናጀሩን በስልክ ያግኙና ጥር ላይ የሆነውን ያለ ቁጣ ይንገሯቸው። ቀጥለውም ይጠይቁ፦ በዚያ ሳምንት የኅብረት እንግዶች ተመዝግበዋል? ከተመዘገቡ በየትኛው ፎቅ? ለሕመምተኛ የሚሆን ክፍል በሌላ ፎቅ ሊያዝልን ይችላል? ያሉትንም በአጭር የጽሑፍ መልእክት እንዲያረጋግጡልዎ ያድርጉ፤ «ችግር የለም፣ ይምጡ ብቻ» የሚል መልስ ብቻውን አይበቃም። ካላረጋገጡልዎ የወንድምዎን ምክር ይስሙና ሌላ ቦታ ይፈልጉ፤ በሕክምና ተቋማት አካባቢ ያሉ አነስተኛ ፔንሲዮኖች አዳራሽም ባርም ስለሌላቸው አንዳንድ ጊዜ ከሆቴል ይልቅ ጸጥ ይላሉ።

ክፍል ሲመርጡ ከመስኮቱ ማዶ የሚታየውን ከማየት በፊት በክፍሉ ዙሪያ ያለውን ይጠይቁ። የኮሪደር መጨረሻ ላይ ያለ ክፍል ጎረቤቱ በአንድ ወገን ብቻ ነው። ከሊፍት፣ ከደረጃ፣ ከልብስ ማጠቢያና ከጄኔሬተር የራቀ ይሁን፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ የሚጮኸው በየትኛው በኩል እንደሆነ አጽጂዎቹ ከማናጀሩ በላይ ያውቁታል። የላይኛው ፎቅ ከአናት ላይ የጫማ ኮቴ ባይኖረውም፣ ሰገነቱ ላይ ባር ያላቸው ሆቴሎች አሉና ሳያረጋግጡ አይያዙት። ወደ ጎን ክፍል የሚያስገባ የውስጥ በር ያለው ክፍል ሲሰጥዎ ቢቆለፍም እንኳ እንዲለወጥልዎ ይጠይቁ፤ በብሎኬት ከተሠራ ግድግዳ ይልቅ ድምፅ የሚያሳልፈው ያ በር ነው። ከገቡ በኋላ አልጋውን ከሚዋሰነው ግድግዳ አንድ ክንድ ያህል ማራቅና በበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በተጠቀለለ ፎጣ መድፈን ድምፁን ይቀንሰዋል። ሙዚቃው ውስጥ ያለው የከበሮ ምት ግን በወለሉ ስለሚመጣ ፎጣ አያቆመውም፤ ለእርሱ መፍትሔው ፎቅ መቀየር ነው።

በፋርማሲ የሚሸጠው ለስላሳ የጆሮ መድፈኛ ከጥጥ እጅግ ይሻላል። ለእናትዎ ይስማማቸው እንደሆነና በየትኛው ጎን መተኛት እንዳለባቸው ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩበት፤ እርስዎ ግን ሁለቱንም ጆሮዎን ባይደፍኑ ደስ ይለኛል፣ ሌሊት ቢጠሩዎት ወይም የስልክዎ ማንቂያ ቢደውል መስማት አለብዎትና። ያለፈውን የጠብታ ሰዓት ግን ይተዉት። ሁለት ሌሊት ያልተኛ አስታማሚ ቢያንቀላፋ የሚገርም ነገር የለበትም። እንዲያውም ከዚህ ውስጥ የማየው ችግር ሌላ ነው፤ የእናትዎ ሕክምና በሙሉ በአንድ ሰው ንቃት ላይ ተንጠልጥሏል። የአክስትዎ ልጅ ቤት ማደር ካልተፈለገ፣ ቢያንስ አንዷን ሌሊት እርሱ ወይም ባለቤቱ ሆቴሉ ድረስ መጥተው ጠብታውን እንዲያደርጉላቸው ቢጠየቁ ምን ይላሉ? ሌሊት ከሆቴሉ ኃላፊ ጋር መነጋገር ቢያስፈልግም አጠገብዎ ሰው ይኖራል። ለእናትዎ በሰው ቤት መክበድ የሚከብዳቸው ከሆነ፣ ሰው ወደ እርሳቸው መምጣቱ ጥየቃ እንጂ መክበድ አይደለም፤ እንደዚያ አድርገው ቢያቀርቡላቸው እሺ የሚሉ ይመስለኛል።

ገንዘብ ስለማስመለስ፣ ጥር ላይ ለሆነው ጊዜው አልፏል አልልም፣ ነገር ግን ሙሉ ኪራይ ይመለስልኝ ብለው ቢነሡ የማያልቅ ክርክር ውስጥ ይገባሉ፤ አድረውበታል፣ ያኔም በጽሑፍ አላመለከቱም። ደረሰኝዎን ይዘው ማናጀሩን ሲያነጋግሩ «ባለፈው ሁለት ሌሊት አልተኛንም፣ ለዚህኛው ቆይታ ምን ታደርጉልናላችሁ?» ብለው ቢጠይቁ የተሻለ ውጤት ያገኛሉ፤ የዋጋ ቅናሽ፣ ሰፋ ያለ ክፍል ወይም የሁለት ሰው ቁርስ ሆቴሎች በቀላሉ የሚሰጧቸው ነገሮች ናቸው። ማናጀሩ ሰምተው ምንም ካላደረጉ ያን ጊዜ የደረሰብዎትን ሌሎች እንግዶች በሚያነቡበት ቦታ በትክክል ይጻፉ፣ የተረኛዋን ልጅ ስም ግን አያንሡ።

ስልኩን ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ቢደውሉ መልካም ነው። ከዚያ በፊት ግን የእናትዎን መልስ ይስሙ፤ ምናልባት የሚፈልጉት ያችኑ ክፍል ሳይሆን ያችኑ ልጅ ከሆነ፣ የትኛውን ፎቅ እንደምታጸዳ ማናጀሩን መጠየቅ ይችላሉና።